የአያት ታሪክ በሕይወት ሳሉ ይጻፍ

በአዲስ አበባ በጎፋ ገብርኤልም ሆነ በመካኒሳ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ አንድ ሽማግሌ በሚቀበሩበት ዕለት፣ ጸሎተ ፍትሐቱ ተፈጽሞ አስከሬኑ ወደ መቃብር ከመውረዱ አስቀድሞ፣ ከቤተ ዘመድ አንዱ ፈንጠር ብሎ ይቆምና ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ የሟቹን የሕይወት ታሪክ ያነባል። ልማዱ የተባረከ ልማድ ነው። ነገር ግን ወረቀቱ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው እድሩ ድንኳን በሚተክልበት፣ ለቀስተኛው በሚጎርፍበትና ልጆች በሐዘን በሚደነግጡበት በዚያች አንዲት ሌሊት ስለ ሆነ፣ የሰማንያና የዘጠና ዓመት ዕድሜ የልደት ዘመን፣ የመሥሪያ ቤት ስምና የልጅ ልጆች ቁጥር ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ወታደርም መሐንዲስም ስለ ነበሩ አያት የሚነበበው ለምሳሌ ይህን ያህል ነው፦ በክብር ዘበኛ ሠራዊት በታማኝነት አገልግለዋል፤ ከዚያም በመሐንዲስነት ሙያ አገራቸውን ረድተዋል። ሁለቱም ዓረፍተ ነገሮች እውነት ናቸው፤ ሆኖም በውስጣቸው የተቀበረውን የማያውቅ ወጣት ሰምቶ ያልፋቸዋል።

የመጀመሪያውን ገልጠን እንይ። በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከክብር ዘበኛ የተመረጠው የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጅቡቲ በኩል በመርከብ ወደ ኮርያ ጦርነት ዘመተ፤ እዚያም በአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር በ32ኛው ሬጅመንት ሥር ተሰልፎ ተዋጋ። እርሱን በተከታታይ የተኩት ሻለቆች ተደምረው የዘመተው ሰው ከ6,000 በላይ ሲሆን፣ ከ120 በላይ ወደቁ፤ ከ500 በላይ ቆሰሉ፤ በጠላት እጅ የተማረከ ግን አንድም ሰው እንዳልነበረ ተመዝግቧል። በደቡብ ኮርያ በቹንቾን ከተማ መታሰቢያቸው በ1960 ዓ.ም. ቆመ። በባዕድ አገር ሐውልት የቆመለት ሰው በገዛ ቤቱ የተዋጋበትን ኮረብታ ስም እንኳ የልጅ ልጁ ሳይጠይቀው ማለፉ እጅግ ያሳዝናል።

ሁለተኛውም ዓረፍተ ነገር ከዚሁ ዘመን ጋር የተሳሰረ ነው። ቃኘው በዘመተበት በዚያው በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለ ሥልጣን በአዋጅ ተቋቋመ፤ ለመንገዱም ሥራ የዓለም ባንክ ለአፍሪካ አገር ከሰጣቸው የመጀመሪያ ብድሮች አንዱ ዋለ። መጀመሪያ ላይ አመራሩ በአሜሪካውያን ባለሙያዎች እጅ ነበረ፤ በ1945 ዓ.ም. የምህንድስና ኮሌጅ በአዲስ አበባ ከተከፈተ በኋላ ግን ሥራው ቀስ በቀስ ወደ ኢትዮጵያውያን ተዛወረ። የዚያን ጊዜ መሐንዲስ የማዕዘን መለኪያውን ቴዎዶላይት በሦስት እግሩ አቁሞ በገደል አፋፍ ላይ ሲያነጣጥር፣ ሠራተኛው ችካሉንና የመለኪያ ሰንሰለቱን ይዞ ቁልቁል ሲወርድ፣ ከብዙ ወራት በኋላ የጭነት መኪና የሚያልፍበት ጎዳና በመጀመሪያ በማስታወሻ ደብተር ላይ በቁጥር ይሰፍር ነበር። መንገዱ ሲያልቅ ደብተሩ ይታጠፋል፤ በአስፋልቱም ላይ የማንም ስም አይጻፍም።

እነዚህ ሰዎች ዝም ያሉበት ምክንያት አላቸው። ወታደሩ ስለ ራሱ ማውራትን እንደ ነውር ቈጥሮ ያደገ ነው፤ በደርግ ዘመንም የአገሪቱ መንግሥት ቃኘው ከተዋጋት ከሰሜን ኮርያ ጋር ወዳጅነት ስለ ነበረው፣ የቃኘው ዘማች ሜዳዩን ከሣጥን ማውጣት የማይመችበት ጊዜ መጣ። መሐንዲሱ ደግሞ ሥራው ይናገርልኛል ብሎ ያምናል፤ ሥራ ግን የሠሪውን ስም አይናገርም። ለምሳሌ ክፍለ ከተማችን ነፋስ ስልክ የተባለው በዚያ አካባቢ በቆመው የገመድ አልባ ማሠራጫ ጣቢያ ምክንያት ሲሆን፣ ስሙን በየቀኑ ከምንጠራው ከእኛ መካከል የጣቢያውን ምሰሶ ያቆሙትን ሰዎች የሚያውቅ ማን ነው?

አባቶቻችን የቅዱሳንን ገድልና የነገሥታትን ዜና መዋዕል በብራና ጽፈው አቆይተውልናል፤ የተራውን ባለሙያ ሕይወት ግን ለቃል ትተውታል። ከዚህ የተለየ አብነት የሚሆኑን ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው፤ በልጅነታቸው ከዓድዋ በኋላ ወደ ሩሲያ ሄደው የመድፈኛ ትምህርት የተማሩት እኚህ ሰው፣ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁትና በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ስለ አገራቸው የተሟገቱት እኚህ ሰው፣ የሕይወታቸውን ታሪክ በገዛ እጃቸው ጽፈው ስለ ተዉልን፣ ካረፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ ታትሞ ድምፃቸውን ልንሰማ በቅተናል።

ሁሉ ሰው መጽሐፍ ይጻፍ አይባልም፤ የልጅ ልጅ ግን መጠየቅ ይችላል። ስልኩን ድምፅ እንዲቀዳ አድርጎ ከአያቱ አጠገብ ይቀመጥ፤ «አባባ፣ መርከቡ ላይ ምን ትበሉ ነበር? አጠገብዎ የወደቀው ጓደኛዎ ስሙ ማን ነበረ? የትኛውን ድልድይ ሲሠሩ ፈሩ?» ብሎ በትሕትና ይጠይቅ። ከፎቶግራፉ ጀርባ የሰዎቹን ስም በእርሳስ ይጻፍ፤ የስንብት ደብዳቤውን፣ የሜዳዩን ወረቀትና የድሮውን የመስክ ደብተር በአንድ አቃፊ ያኑር። ተዝካር ለነፍስ ነው፤ የተጻፈ ታሪክ ደግሞ ለቀሪው ትውልድ ነው፤ አንዱ ሌላውን አይተካም።

አንባቢ ሆይ፣ አያትህ በሕይወት ካሉ ነገ ሳይሆን በዚህ ሳምንት ሂድና ጠይቃቸው። ወረቀቱ በተጻፈበት ቀን ራሳቸው ያንብቡት፤ የተሳሳተውንም በገዛ አንደበታቸው ያርሙት።