ከዐለት በታች የሚጠበቅ ብልጭታ

በጎጃም ቅኔ ቤት ያደረ ሰው አስነጋሪን ያውቀዋል፤ ቅኔውን ቆጥሮና ዘርፎ የጨረሰ፣ ነገር ግን የራሱን ወንበር ገና ያልዘረጋ፣ ስለዚህም ከመምህሩ ሥር ሆኖ ለታናናሾቹ የሚያስነግር፣ ለራሱም ከምሥጢር ጋር ሲታገል ሌሊቱን የሚያነጋ ሰው ነው። በዘመናዊው ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ዶክትሬት ተመራማሪ፣ በተለምዶ ፖስትዶክ የሚባለው፣ ማዕረጉ ከዚህ እምብዛም አይርቅም፤ ዶክትሬቱን ተቀብሏል፣ ፕሮፌሰር ግን አልሆነም፣ ብዙውን ጊዜም ለሁለት ወይም ለሦስት ዓመት ውል ገብቶ በአንድ ታላቅ ጥያቄ ላይ ይደክማል። ከጥያቄዎቹ ሁሉ እኔን እጅግ የሚያስደንቀኝ ጨለማ ቁስ፣ በፈረንጆቹ አጠራር ዳርክ ማተር የሚሰኘው ነው።

ኅዳር ገብቶ ሰማዩ ሲጠራ፣ ጨረቃ በሌለችበት ምሽት በግሽ ዓባይ ደጋ ላይ ቆሞ ወደ ሰሜን ሽቅብ ለሚመለከት ሰው፣ እንደ ብጣሽ ጉም ሆና የምትታይ ነገር አለች፤ እርስዋም አንድሮሜዳ የምትባል፣ አእላፈ አእላፋት ከዋክብትን የያዘች ጋላክሲ ናት። ቬራ ሩቢንና ኬንት ፎርድ የተባሉ አሜሪካውያን የዚህችን ጋላክሲ አዟዟር ለክተው በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳወቁ ጊዜ፣ ከመካከልዋ ርቀው የሚዞሩት አካላት እንደተጠበቀው ሳያዘግሙ ተገኙ። በእኛ ፀሐይ ዙሪያ ያለው ሥርዐት ሌላ ነው፤ ቅርቧ ሜርኩሪ በሴኮንድ 47 ኪሎ ሜትር ስትበርር፣ ሩቁ ኔፕቲዩን ግን 5 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይጓዛል። እንግዲህ አንድሮሜዳን በስበቱ አጥብቆ የያዘ፣ ዓይን የማያየው ብዙ ነገር አለ ማለት ነው፤ ጨለማ ቁስ የተባለው ይኸው ነው። ፍሪትዝ ዝዊኪ የተባለ ተመራማሪም አስቀድሞ በ1933 እ.ኤ.አ. በጋላክሲዎች ክምችት ላይ ይህንኑ አስተውሎ ነበር። በዛሬው ስሌት ከዓለመ ፍጥረቱ ይዘት እኛ የምናውቀው ቁስ 5 በመቶ፣ ጨለማው ቁስ 27 በመቶ ገደማ ነው።

ጨለማ ከሚባል ኅቡእ ቢባል ይሻለው ነበር እላለሁ፤ ብርሃንን አይጋርድምና። አቡነ ዘርዐ ብሩክ መጻሕፍታቸውን ለግሽ ምንጭ አደራ ሰጥተው፣ በኋላም ውኃ ሳይነካቸው ደረቅ እንደ ሆኑ ተቀበሏቸው ሲባል የሰማ የሰቀላ ሰው፣ በነገር ውስጥ አልፎ ነገሩን አለመንካት ምን እንደ ሆነ ለማሰብ አይቸግረውም። ጨለማውም ቁስ በሰውነታችንና በምድር ውስጥ እንዲሁ ሳይነካን ያልፋል ተብሎ ይታመናል።

አልፎ አልፎ ቢነካስ? የድኅረ ዶክትሬቱ ተመራማሪ የሚጠብቀው ይህንን ነው። በአሜሪካ ሳውዝ ዳኮታ፣ ቀድሞ ወርቅ ይወጣበት በነበረ ጉድጓድ ውስጥ፣ ወደ 1,500 ሜትር በሚጠጋ ጥልቀት፣ ኤልዜድ የሚባል መሣሪያ ተተክሏል። ከሰማይ ሳያቋርጥ የሚዘንበውን የጨረር ካፊያ ዐለቱ ይከላከልለታል። በውስጡም ከዜሮ በታች 100 ዲግሪ ገደማ ቀዝቅዞ ፈሳሽ የሆነ 10 ቶን ዜኖን የተባለ ጋዝ ይገኛል። አንድ የጨለማ ቁስ ቅንጣት የዜኖኑን አቶም ቢመታ ኢምንት ብልጭታ ይወጣል፤ ከምቱ የተፈናጠሩት ኤሌክትሮኖችም ወደ ላይ ተስበው ሁለተኛ ብልጭታ ይሰጣሉ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ቅጽበት የምቱን ጥልቀት፣ ብርሃን የሚለቅሙት የ494ቱ የመሣሪያው ዓይኖች ምስክርነት ደግሞ ስፍራውን ይገልጣል።

የተመራማሪው ውሎ ግን አብዛኛው ጽዳትና ጥርጣሬ ነው። በአሳንሰር ወርዶ፣ የጉድጓዱን አቧራ ከጫማው አጥቦ፣ ንጹሕ ልብስ ለብሶ ይገባል፤ ጥንቃቄው ወደ ግሽ ዓባይ ጠበል በጾም እንደሚቀርብ ሰው ነው። ከብሎንና ከሽቦ የሚወጣ ራዶን የተባለ ጥቂት ጋዝ እንኳ የሐሰት ብልጭታ ይሰጣልና፣ እያንዳንዱን ዕቃ ይመረምራል፤ ከዚያ ወራት ሙሉ በኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ እውነተኛውን ከሐሰተኛው ይለያል፣ የዶክትሬት ተማሪዎችንም ያቀናል። በ2024 እ.ኤ.አ. የኤልዜድ የ280 ቀን ውጤት ሲገለጥ የተፈለገው ቅንጣት አልተገኘም። ይህ ግን ከንቱ ድካም አይደለም፤ የት እንደሌለ በትክክል ታውቋልና የፍለጋው ሜዳ ጠብቧል።

በሀገራችን እንዲህ ያለ ጉድጓድ የለም። ይሁን እንጂ በእንጦጦ 3,200 ሜትር ከፍታ ላይ ሁለት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች ቆመዋል፤ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም የጂኦስፔስና የራዳር ምርምር ላቦራቶሪውን በጎጃሟ ቅኔ ቤት ስም ዋሸራ ብሎታል። በቡሬና በፍኖተ ሰላም ፊዚክስ የምታስተምሩ ሆይ፣ ከተማሪዎቻችሁ መካከል በጥያቄ የሚያስቸግራችሁን አንዱን ልጅ ለይታችሁ፣ እንዲህ ያለ ሥራ በዓለም እንዳለ፣ በሩም በሒሳብ፣ በፊዚክስና በኮምፒዩተር ትምህርት እንደሚከፈት ንገሩት።