ባለቤቱ ማነው? ቱላ ላይ ለቆመ አሮጌ መኪና የባለቤት ፍለጋ

ከሐዋሳ ወደ ዲላና ሞያሌ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ በምትገኘው ቱላ፣ በአንድ ግቢ አጥር ሥር ጎማው ተንፍሶ፣ ላሜራው ዝጎ፣ መስታወቱ አቧራ ለብሶ የቆመ መኪና ያየ ገዢ ሁለት ጥያቄዎች ይመጡበታል። የመጀመሪያው “ይሸጣል ወይ?” ሲሆን ሁለተኛው “የማነው?” የሚለው ነው። ብዙ ሰው የሚጣደፈው ለመጀመሪያው መልስ ለማግኘት ነው። ገንዘብ የሚያስበላው ግን ሁለተኛው ነው። ሞተር የሚያድስ፣ ስቱኮ የሚለጥፍ፣ ቀለም የሚረጭ ጋራዥ ሞልቷል፤ የጠፋ ባለቤት የሚያድስ ጋራዥ ግን የለም።

የቆመ መኪና ገበያ እንደ ሌላው የመኪና ገበያ በአደባባይ አይካሄድም። ሻጩ ለመሸጥ አላሰበም፣ ደላላው አልተነገረውም፣ ዋጋ አልተቆረጠም። ገዢው ራሱ ንብረቱን አይቶ፣ ባለቤቱን ፈልጎ፣ አሳምኖ ነው ወደ ድርድር የሚገባው። ለመሆኑ ይህን ሁሉ ድካም የሚያስመኘው ምንድነው?

አሮጌው ለምን ተወደደ?

እንደሚታወቀው በኢትዮጵያ መኪና እንደ ሌላው ዓለም በየዓመቱ ዋጋው እየወረደ የሚሄድ ዕቃ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012፣ ከ7 ዓመት በላይ ያገለገሉ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ሲገቡ እንደ ሞተራቸው መጠን እስከ 500 ከመቶ የሚደርስ ታክስ እንዲከፈልባቸው ደነገገ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የኤሌክትሪክ ካልሆኑ በቀር የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ከውጭ የሚመጣ ነገር ሁሉ በብር ሲሰላ ወደ ላይ ወጣ።

የእነዚህ እርምጃዎች ድምር ውጤት፣ ቀድሞ አገር ውስጥ ገብቶ፣ ቀረጡ ተከፍሎ፣ ሊብሬ ያወጣ መኪና ሁሉ አሮጌም ቢሆን ተፈላጊ እንዲሆን ማድረጉ ነው። ትናንት ቁራሌው በኪሎ ቢወስደው የማይቆጨው ፔጆ፣ ላዳ ወይም ዲኤክስ ዛሬ ዞር ብሎ የሚያየው አላጣም።

የቮልስ ነገር ደግሞ የተለየ ነው። ቮልስዋገን ይህን ሞዴል ከ21 ሚሊዮን በላይ ሠርቶ፣ የመጨረሻውን በሜክሲኮ ፑዌብላ ፋብሪካው ሐምሌ 23 ቀን 1995 ዓ.ም. አውጥቶ መስመሩን ዘግቷል። ከዚያ ወዲህ አዲስ ስለማይሠራ፣ ያለው ቮልስ በእጅ ያለው ብቻ ነው። በአዲስ አበባም ሆነ በክልል ከተሞች ቮልስ አድሶ የሚነዳ ወጣት የሚታየው ለናፍቆት ብቻ ሳይሆን፣ ሞተሩ ቀላልና በአየር የሚቀዘቅዝ በመሆኑ አገር ቤት ያለ መካኒክ ሊፈታውና ሊገጥመው ስለሚችልም ነው።

ሰፈር ከቢሮ ይቀድማል

ባለቤት ፍለጋው የሚጀምረው ከሰፈር ነው። ቱላ የከተማ አስተዳደሩ አካል ብትሆንም የገጠር ጠባይዋ ገና አልለቀቃትም፤ ዕንሰቱና ጫቱ ከደጃፍ ነው፤ ሰው ከነቤተሰቡ ይተዋወቃል። አንድ መኪና ለዓመታት ሲቆም ማን እንዳቆመው፣ ለምን እንዳቆመው፣ ልጆቹ የት እንዳሉ የሚያውቅ ጎረቤት አይጠፋም። በሲዳማ ባህል “አፊኒ” የሚባለው፣ “ሰምታችኋል ወይ?” ተባብሎ ሁሉን ሰምቶ የመወሰን ልማድ ለእንዲህ ያለው ጉዳይ አመቺ ነው። የአካባቢ ሽማግሌን አስቀድሞ “አባባ፣ ይህ መኪና የማን ቤት ነው?” ብሎ የጠየቀ ገዢ፣ በጓሮ በኩል ከዘበኛው ጋር ከተንሾካሾከው ይልቅ በቶሎ እውነቱ ላይ ይደርሳል።

የሚጠየቁት ሰዎችም ይለያያሉ። በቅርብ ያለው ጋራዥ መኪናው መጨረሻ ላይ ምን ሆኖ እንደቆመ ያውቃል። ጎሚስታው ማን ይነዳው እንደነበር ያስታውሳል። የቀበሌ ሰዎች የቤቱን ባለቤት ያውቃሉ። የቤተሰቡ ልጆች በሥራ ምክንያት ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ውጭ ሄደው ከሆነ ደግሞ፣ ለሲዳማ የዘመን መለወጫ ለፍቼ ጨምበላላ ቤተሰብ የሚሰባሰብ በመሆኑ፣ ሁሉንም በአንድ ቤት ለማግኘት ከዚያ የተሻለ ጊዜ የለም።

እዚህ ላይ ገዢዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። ቁልፉን የያዘ ሰው ባለቤት አይደለም። ግቢውን የተከራየ፣ ቤቱን የሚጠብቅ፣ “የአጎቴ ነው” የሚል ዘመድ ወይም “ዕዳ አለብኝ ብሎ ጥሎብኝ ሄደ” የሚል ጋራዥ ሁሉም መኪናውን ሊያሳዩ ይችላሉ፤ ስሙን ማዞር ግን አይችሉም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1193 ተንቀሳቃሽ ዕቃ በእጁ የያዘ ሰው ባለቤት እንደሆነ ይገመታል ቢልም፣ መኪና በመዝገብ የሚታወቅ ንብረት ስለሆነ በዚህ ግምት ብቻ ሊብሬ የሚሰጥ ጽሕፈት ቤት የለም።

ታርጋው ምን ይናገራል?

ከሰፈር ቀጥሎ የሚነበበው መኪናው ራሱ ነው። በነባሩ አሠራር ኮድ 1 ታክሲ፣ ኮድ 2 የግል፣ ኮድ 3 የንግድ፣ ኮድ 4 የመንግሥት፣ ኮድ 5 የእርዳታና መሰል ድርጅቶች ነው። ይህ ልዩነት የገዢውን መንገድ ይወስነዋል። ኮድ 2 ከሆነ ሰው ይፈለጋል። ኮድ 4 ከሆነ በመንግሥት ንብረት አወጋገድ ሥርዓት በጨረታ ካልሆነ በቀር ከመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ጋር ቡና ጠጥቶ የሚገዛ ነገር የለም። ኮድ 5 ከሆነ ከቀረጥ ነፃ የገባ ሊሆን ስለሚችል፣ ቀረጡ ሳይከፈል ወደ ግለሰብ አይዞርም፤ ያ ቀረጥ ደግሞ ከመኪናው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

“ደሕ” የሚል ፊደል ያለው ታርጋ መኪናው በቀድሞው የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል የተመዘገበ መሆኑን ያመለክታል። ሲዳማ ከኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ በኋላ በሰኔ 2012 ዓ.ም. ክልል ሆኗል፤ የቀድሞው ክልል የቀረው ክፍልም በ2015 ዓ.ም. በሌሎች ክልሎች ተተክቷል። ስለዚህ በድሮው ታርጋ የቆመ መኪና ፋይሉ ዛሬ በየትኛው ጽሕፈት ቤት እንደሚገኝ ማጣራት የገዢው የመጀመሪያ የቢሮ ሥራ ነው። ታርጋው የአዲስ አበባ ከሆነም ሐዋሳ ላይ ደጅ መጥናት ትርፉ ድካም ነው።

ታርጋው ተነቅሎ ከሆነ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ይቀራል። እነዚህን ጽፎ መያዝ ግድ ነው፤ ምክንያቱም በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት መኪናው በመዝገብ የሚታወቀው በእነዚህ ነው። የሻንሲ ቁጥሩ ተፍቆ ወይም ተበይዶ የተገኘ እንደሆነ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ትቶ መሄድ ይሻላል።

ታርጋ ቁጥር ይዞ ቢሮ የሄደ ሁሉ ግን የባለቤቱን ስምና አድራሻ ተጽፎ አይሰጠውም። በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰው መረጃ ለማንም የሚዘረገፍ አይደለም። ይህ የኢትዮጵያ ብቻ ነገር አይደለም። በአሜሪካ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአሽከርካሪዎችን የግል መረጃ የሚጠብቅ ሕግ አለ። በእንግሊዝ ደግሞ ጠያቂው በቂ ምክንያቱን በቅጽ ሞልቶ፣ ከፍሎ፣ ሲፈቀድለት ብቻ የመኪናውን ያዥ ማወቅ ይችላል። በቱላም የሚያዋጣው ባለቤቱን በሰፈር ፈልጎ፣ ራሱ ባለቤቱ ሊብሬውን ይዞ ቢሮ እንዲቀርብ ማድረግ ነው።

ባለቤቱ ካረፈስ?

የቆመ መኪና ብዙ ጊዜ የቆመው ባለቤቱ ስላረፈ ነው። በዚህ ጊዜ ሻጩ አንድ ሰው መሆኑ ይቀርና ቤተሰብ ይሆናል። ወራሾች ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ማውጣት አለባቸው፤ የጋራ የሆነውን ንብረት ለመሸጥም የሁሉም ስምምነት ያስፈልጋል።

ለምሳሌ ያህል መኪናው በጋብቻ ውስጥ የተፈራ የባልና ሚስት የጋራ ንብረት ነበር፣ ባል አርፏል፣ ኑዛዜ የለም፣ ሚስትና 4 ልጆች አሉ እንበል። ዋጋው 400,000 ብር ቢቆረጥ ግማሹ፣ ማለትም 200,000 ብር፣ የሚስት የራሷ ድርሻ ነው። የቀረው ለልጆቹ እኩል ሲከፈል ለእያንዳንዱ 50,000 ብር ይደርሳል። እንግዲህ ከበኩር ልጁ ጋር ብቻ ተስማምቶ 400,000 ብር የቆጠረ ገዢ፣ የገዛው የ50,000 ብሩን ባለመብት ፈቃድ ብቻ ነው። እናትየውና ሦስቱ ልጆች ባልፈረሙበት ስሙ አይዞርም። ሰፈር ውስጥ ባለቤት ተብላ የማትጠራው፣ መኪና ነድታ የማታውቀው እማማ ከሁሉ የሚበልጠው ድርሻ የእሳቸው መሆኑን ገዢው ሊዘነጋ አይገባም። ክብር ሰጥቶ ቡናቸውን ጠጥቶ ማነጋገር ያለበት በቅድሚያ እሳቸውን ነው።

ባለቤቱ በሕይወት ያለ እንደሆነም የትዳር ጓደኛ ነገር አይቀርም። የ1992 ዓ.ም. የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ዋጋው ከ500 ብር በላይ የሆነ የጋራ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለማስተላለፍ የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል። በዛሬ ዋጋ ከ500 ብር በታች የሆነ መኪና የለምና ሁለቱም ይፈርማሉ።

ሌላው ወጥመድ ውክልና ነው። ቀድሞ መኪና ሲሸጥ ስም ከማዞር ይልቅ ውክልና ሰጥቶ መለያየት የተለመደ ስለነበር፣ አንድ የቆመ መኪና ሦስትና አራት እጅ አልፎ ሊብሬው ላይ ያለው ስም ግን የመጀመሪያው ሰው ሆኖ ይገኛል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2232 መሠረት ወካዩ ሲሞት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ውክልናው ይቋረጣል። ስለዚህ የዛሬ 20 ዓመት የተሰጠ ወረቀት ከመሳቢያ ሲወጣ የመጀመሪያው ጥያቄ “ሰጪው አለ ወይ?” መሆን ይገባዋል። ቢኖርም መሸጥ የሚያስችል ልዩ ሥልጣን መጻፉ ይታያል፤ ጠቅላላ ውክልና ለማስተዳደር እንጂ ለመሸጥ አይበቃም።

ቀብዱ መቼ ይሰጥ?

ባለቤቱ ተገኝቶ ዋጋ ሲቆረጥ ገዢው ሌላ ሳይቀድመው ቀብድ ለመስጠት ይቸኩላል። ቀብድ ግን ቀልድ አይደለም። በሕጉ ቀብድ መስጠት ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው፤ ሰጪው ቢያፈርስ ቀብዱ ይቀርበታል፤ ተቀባዩ ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። እጥፍ የሚያስመልሰው ግን እውነተኛው ባለቤት ሲቀበል ነው። ምንም የሌለው ዘበኛ ተቀብሎ ቢሰወር እጥፉ ቀርቶ ዋናውም አይገኝም።

ስለዚህ ከቀብድ በፊት አራት ነገሮች ይጣራሉ። አንደኛ፣ ሊብሬው ላይ ያለው ስም ከሻጩ መታወቂያ ጋር ይመሳከራል። ሁለተኛ፣ መኪናው ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑ ይጠየቃል፤ በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 መሠረት መኪና የብድር ዋስትና ሆኖ ሊመዘገብ ይችላልና። ሦስተኛ፣ ያልታደሱት ዓመታት ቦሎና የሦስተኛ ወገን መድን ሒሳብ በማን ላይ እንደሚወድቅ በውሉ ይጻፋል። አራተኛ፣ ሊብሬው ጠፍቶ ከሆነ ምትኩን ሻጩ ራሱ አውጥቶ እንዲያቀርብ ይደረጋል። ከዚህ በኋላ ውሉ በሰነዶች ማረጋገጫ ፊት ይፈረማል፤ የቴምብር ቀረጡ ተከፍሎ ስሙ ይዞራል። ዋናው ገንዘብ እጅ የሚለቅበት ጊዜም ይኸው ነው።

ለሻጩም ይጠቅማል

ይህ ሁሉ ማጣራት ለገዢው ብቻ የሚመስለው ሻጭ ይኖራል። ነገሩ ግን ወዲህ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 መኪና ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርገዋል፤ ይነዳ የነበረው ሌላ ሰው ቢሆን እንኳ ከኃላፊነት አያመልጥም። “ከሸጥኩት ቆየ” የሚል ሰው ስሙ ሊብሬው ላይ ካለ፣ አድሶ መንገድ ያወጣው ሰው ጉዳት ባደረሰ ቀን የሚፈለገው እሱ ነው። ስም ሳያዞሩ መኪናን “ውሰደው” ብሎ መስጠት ችግርን መስጠት ሳይሆን ችግርን ለራስ ማስቀረት ነው።

ቤተሰቡም መኪናውን አቁሞ ማቆየቱ በየክረምቱ ዋጋ ያስከፍለዋል። ዝናቡ ላሜራውን ይበላል፤ ባትሪው፣ ካርቡሬተሩ፣ መስታወቱ አንድ በአንድ በሌሊት ይፈታል። ዛሬ በሙሉ መኪና ዋጋ ሊሸጥ የሚችለው፣ ወራሾች ሳይስማሙ ጥቂት ዓመታት ሲያልፉ በብረት ዋጋ ይሄዳል።

ገዢውም ቢሆን ባለቤቱ “የአባታችን መታሰቢያ ነው፣ አንሸጥም” ካለው አመስግኖ ስልኩን ትቶ መመለስ እንጂ መነታረክ አይጠቅመውም። የቤተሰብ ሐሳብ ይለወጣል፤ በተለወጠ ቀን የሚደወለው ደግሞ በሥርዓት ለጠየቀው ሰው ነው። እስከዚያው ቱላ ላይ የቆመ መኪና አይቶ ልቡ የተነሣ ሁሉ “ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ” የሚለውን ያስታውስ። የዚህ ገበያ ሥሩ ሞተሩ ሳይሆን ሊብሬው ላይ ያለው ስም ነው።