«ይህን ቀንድ አውጣ ማን ነው የሣለው?»

በእንግዳ መቀበያ ክፍላችሁ ቡፌ ወይም መደርደሪያ ላይ ለጌጥ የተቀመጠ ዕቃ አይጠፋም። የሸክላ ጀበና ወይም የቀንድ ዋንጫ ይሆናል። አንዳንዶቻችሁም ዘመድ ከውጭ አገር ያመጣው፣ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ፣ በላዩም ነጭ ጥምዝምዝ ቅርጽ ያለበት ጥቁር ድንጋይ ይኖራችሁ ይሆናል። ዛሬ የምንወያየው ስለዚሁ ድንጋይ ነው። «ይህ ሁሉ የኑሮ ጣጣ እያለ ስለ ድንጋይ ምን ያስወራል?» የምትል እናት ብትኖር አልፈርድባትም፤ እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እንደዚሁ እል ነበር።

ድንጋዩን ያመጣችልኝ ለሥራ ወደ ሞሮኮ ሄዳ የነበረች አብሮ አደጌ ናት። የሰባት ዓመት ልጄ ባየችው ቀን «እማዬ፣ ይህን ቀንድ አውጣ ማን ነው የሣለው?» ብላ ጠየቀችኝ። ከሥራ ደክሞኝ ገብቼ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበርና «ፋብሪካ ነው የሣለው፤ አትንኪው፤ ሂጂና ጥናትሽን አጥኚ» አልኳት። ልጅቱም ሄደች። ለብዙ ቀንም ስለ ድንጋዩ ትንፍሽ አላለችም።

ለበዓል ቤት ሳጸዳ የናስ ዕቃ እንደምፈትግ ሁሉ ድንጋዩንም በሎሚ ፈተግኩት። ጭማቂው ያረፈበት ቦታ ወዲያው ጥቃቅን አረፋ አወጣ፤ ባጠብኩት ጊዜም ያ ሁሉ ብርሃኑ ጠፍቶ ገጹ ደብዝዞ ቀረ። ልጄ ከጎኔ ቆማ ስታይ ቆየችና «ሥዕል ከሆነ ለምን አረፋ አወጣ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። በማግሥቱ የሥነ ምድር ትምህርት የሚያስተምሩ ጎረቤቴን ሄጄ ጠየቅኋቸው። ከእርሳቸው የሰማሁትንና ከመጻሕፍት ያገኘሁትን እነሆ ለእናንተም አካፍላለሁ።

እንዲህ ያለው ድንጋይ በብዛት የሚወጣው በደቡብ ምሥራቅ ሞሮኮ፣ በሰሃራ በረሃ ዳርቻ ከምትገኘው ከኤርፉድ ከተማ አካባቢ ነው። ያ ደረቅ አገር የሥነ ምድር ሊቃውንት ዴቮኒያን ብለው በሚጠሩት፣ ከ419 እስከ 359 ሚሊዮን ዓመታት በፊት በነበረው ዘመን በባሕር የተሸፈነ ነበር። በባሕሩም ዛጎል ያላቸው እንስሳት ይኖሩበት ነበር። በድንጋዩ ላይ እንደ ጦር ጫፍ ቀጥ ብሎ የሚታየው ቅርጽ ኦርቶሴራስ ይባላል፤ ስሙም በግሪክ ቋንቋ «ቀጥ ያለ ቀንድ» ማለት ነው። ጥምዝምዙ ደግሞ ጎኒያታይት ነው። መልካቸው ቀንድ አውጣን ቢመስልም ይበልጥ የሚዛመዱት በዛሬው ባሕር ከሚኖሩት ከኦክቶፐስና ከስኩዊድ ጋር ነው።

ዛጎሉ በውስጡ በክፍል በክፍል የተከፈለ ሲሆን እንስሳው የሚኖረው በመጨረሻው ክፍል ብቻ ነበር። እያደገ ሲሄድ ወደ ፊት አዲስ ክፍል ይጨምርና የኋላውን ይዘጋዋል፤ የተዘጉት ክፍሎች አየር ስለሚይዙ በውሃ ውስጥ ለመንሳፈፍ ይረዱታል። ልጅ በተወለደ ቁጥር ከቤታችን ጎን አንዲት ክፍል ለምንቀጥል ለእኛ ይህ አኗኗር እንግዳ አይሆንብንም!

እንስሳቱ ሲሞቱ ዛጎላቸው ከባሕሩ ወለል ላይ ይወድቃል፤ ጭቃ ይለብሰዋል፤ ጭቃውም በዘመናት ብዛት የኖራ ድንጋይ ይሆናል። ቅሪተ አካል የምንለው ይህን ነው። የሎሚው አረፋ ምክንያትም ከዚሁ የመጣ ነው። የኖራ ድንጋይ አሲድ ሲነካው ይሟሟል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለው ጋዝም አረፋ ሆኖ ይወጣል። እኔ ያጸዳሁ መስሎኝ ድንጋዩን እያሟሟሁት ነበር ማለት ነው።

ባሕር የነበረው ግን በሞሮኮ ብቻ አይደለም። ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የተጓዛችሁ ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚወስደው መንገድ በዓባይ በረሃ ሲጠማዘዝ በገደሉ ላይ ተደራርቦ የሚታየውን ድንጋይ ታስታውሳላችሁ። ከንብርብሮቹ አንዱ የኖራ ድንጋይ ሲሆን የተፈጠረውም ጁራሲክ በተባለው፣ ከ201 እስከ 145 ሚሊዮን ዓመታት በፊት በነበረው ዘመን፣ አገራችንን ሸፍኖ ከነበረ ባሕር ነው። በመቐለ አካባቢም ይኸው ድንጋይ በሰፊው ይገኛል፤ በውስጡም የቀንድ አውጣና የሌሎች የባሕር እንስሳት ዛጎሎች አሉበት። እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ ከዘመተው የእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው የሥነ ምድር ተመራማሪ ዊልያም ብላንፎርድ በሕንጣሎ ስም ሰይሞታል። ሲሚንቶም የሚሠራው በዋናነት ከኖራ ድንጋይ ስለሆነ፣ የጥንቱ ባሕር በየቤታችን ግድግዳ ውስጥም አለ ቢባል ሐሰት አይደለም።

ለመሆኑ ይህን ማወቅ ለልጅ ምን ይረባል? አንድ ምሳሌ ላቅርብላችሁ። በእንግሊዝ አገር ላይም ሬጂስ በተባለች የባሕር ዳር ከተማ እ.ኤ.አ. በ1799 የተወለደች ሜሪ አኒንግ የተባለች ሴት ነበረች። አባቷ አናጢ ነበር፤ በ1810 ሲሞት ለቤተሰቡ ዕዳ እንጂ ሀብት አልተወም። ሜሪ ከገደል ሥር ቅሪተ አካል እየለቀመች ለመዝናናት ለሚመጡ እንግዶች ለጌጥ ትሸጥ ነበር። ገና ልጅ ሳለች ከወንድሟ ጋር ኢክቲዮሰር የተባለውን ጥንታዊ የባሕር እንስሳ አጽም አገኘች፤ ሊቃውንትም ከእርሷ ለመማር ይመጡ ነበር። ሆኖም በ1847 እስክትሞት ድረስ የለንደን የሥነ ምድር ማኅበር ሴት በመሆኗ በአባልነት አልተቀበላትም፤ ማኅበሩ ለሴቶች በሩን የከፈተው በ1919 ነው። በር የዘጉባት ሌሎች ነበሩ። እኔ ግን የልጄን ጥያቄ የዘጋሁት በገዛ ማድ ቤቴ ነው።

እንግዲህ ይህን የመሰለ ድንጋይ ያላችሁ በለስላሳ ጨርቅና ለብ ባለ ውሃ ብቻ አጽዱት፤ ሎሚ፣ አቼቶና የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ አሲድ አታስጠጉበት። ለመግዛት ያሰባችሁም በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ አድርጋችሁ ቀለም የሚለቅ መሆኑን እዩ፤ ሁለት ዛጎሎች ቁርጥ አንድ ዓይነት ከሆኑም በቅርጽ ማውጫ የተሠሩ እንዳይሆኑ ጠርጥሩ። ድንጋይ በመቁረጥና በማለስለስ ሥራ የሚተዳደር የቤተሰብ አባል ያላችሁ ደግሞ ብናኙ ሳንባን እንደሚጎዳ አትዘንጉ። ውሃ እያፈሰሰ እንዲቆርጥ፣ አፍና አፍንጫውን እንዲሸፍን ምከሩት፤ የሥራ ልብሱንም ልጆች ባሉበት ቤት ውስጥ አታራግፉ።

የኔ ድንጋይ አሁንም ደብዝዞ መደርደሪያው ላይ አለ። ያን ዕለት ማታ ልጄን አጠገቤ አስቀምጬ «ማንም አልሣለውም፤ በሕይወት የነበረ እንስሳ ነው» ብዬ የሰማሁትን ሁሉ ነገርኳት። በጥሞና ሰምታ ስታበቃ «ታዲያ ያኔ ለምን ፋብሪካ ነው አልሽኝ?» አለችኝ። «ስላላወቅሁ ነው» አልኳት። ይህችን አንዲት ቃል ለማለት ይህን ያህል ጊዜ መፍጀቴ አሳፈረኝ። እርሷ ግን ምንም አልመሰላትም፤ ወዲያው ሌላ ጥያቄ ቀጠለች።

ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ ካለመጠየቅም ዕውቀት ይቀራል። እናቶች ሆይ፣ ሁሉን ማወቅ አይጠበቅብንም። ልጃችን ሲጠይቀን «አላውቅም፤ አብረን እንጠይቅ» ማለት ግን ከማናችንም አቅም በላይ አይደለም።