‹‹ወላጆችህ የት ተማሩ?›› - የአሜሪካ ዝነኛ ዩኒቨርሲቲዎች ቅበላ ሲፈተሽ

በአገራችን አንድ ተማሪ ብሔራዊ ፈተና ወስዶ የመግቢያ ነጥብ ካመጣ በኋላ ምደባውን ይጠባበቃል። አባቱ ከየትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደተመረቁ የሚጠይቀው የለም። በአሜሪካ ግን በርካታ ኮሌጆች በጋራ የሚጠቀሙበት የማመልከቻ ቅጽ ወላጆች የት እንደተማሩ የሚሞላበት ቦታ አለው። መልሱ በአንዳንድ ተቋማት ዘንድ የአመልካቹን ዕድል ይወስናል።

የቀድሞ ተመራቂዎች ልጆች የሚያገኙት ይህ ቅድሚያ ‹‹ሌጋሲ›› ይባላል፤ ውርስ እንደ ማለት ነው። አጀማመሩ እ.ኤ.አ ወደ 1920ዎቹ ይመልሰናል። በዚያ ዘመን በመግቢያ ፈተና ብልጫ ያገኙ የአይሁድ ስደተኞች ልጆች በሃርቫርድ፣ በየልና በፕሪንስተን ቁጥራቸው እየጨመረ ሲሄድ፣ የተቋማቱ ኃላፊዎች ፈተናን ብቻ መመዘኛ ማድረጉን ትተው ‹‹ጠባይ››ንና የቤተሰብን አመጣጥ መመልከት ጀመሩ። የሶሺዮሎጂ ምሁሩ ጄሮም ካራቤል እ.ኤ.አ በ2005 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን ታሪክ በሰነድ አስደግፈው አቅርበዋል።

ቅድሚያው ምን ያህል እንደሚመዝን የታወቀው በሃርቫርድ ላይ በተመሠረተው ክስ ሳቢያ ነው። ለፍርድ ቤት የቀረበው የስድስት ዓመት መረጃ እንደሚያመለክተው፣ ካመለከቱት የተመራቂ ልጆች 33 በመቶ ያህሉ ተቀባይነት ሲያገኙ ከሌሎቹ አመልካቾች የተቀበሉት 6 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። እርግጥ ነው፣ የተማሩ ወላጆች ልጆች በትምህርታቸውም ጠንካራ ሊሆኑ ስለሚችሉ ልዩነቱ ሁሉ የአድልዎ ውጤት ነው ማለት አይቻልም። ይሁንና እ.ኤ.አ በ2023 በ12 ዝነኛ ተቋማት ላይ ይፋ የሆነው የራጅ ቼቲና የባልደረቦቻቸው ጥናት እንዳረጋገጠው፣ በገቢያቸው ከላይ 1 በመቶ ውስጥ ከሚገኙ ቤተሰቦች የመጡ ልጆች እኩል የፈተና ውጤት ካላቸው የመካከለኛ ገቢ ቤተሰብ ልጆች ይልቅ የመግባት ዕድላቸው ከእጥፍ በላይ ነው። ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው ሌጋሲ ነው።

የአሠራሩ ደጋፊዎች ተመራቂዎች ለተቋሙ የሚሰጡት ገንዘብ ለድሃ ተማሪዎች ድጋፍ ይውላል ሲሉ ይከራከራሉ። የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተሞክሮ ግን ሌላ ነገር ያሳያል። ዩኒቨርሲቲው ቅድሚያውን በማስቀረቱ ከአዲስ ገቢዎቹ መካከል የተመራቂ ልጆች ድርሻ እ.ኤ.አ በ2009 ከነበረበት 12.5 በመቶ በ2019 ወደ 3.5 በመቶ ዝቅ ብሏል። በአንጻሩ ለዝቅተኛ ገቢ ተማሪዎች የሚሰጠው የፌዴራል ድጎማ የሚገባቸው ከ9 በመቶ ወደ 19 በመቶ ከፍ ብለዋል።

ሁለተኛውና ብዙም የማይነገርለት አሠራር ‹‹ኧርሊ ዲሲዥን›› ወይም የቅድሚያ ውሳኔ ነው። ተማሪው በኅዳር ወር መጀመሪያ ገደማ ለአንድ ኮሌጅ ብቻ ያመለክታል፤ ከተቀበሉት እንደሚገባና ሌሎች ማመልከቻዎቹን እንደሚሰርዝ ከወላጁና ከትምህርት ቤት አማካሪው ጋር ይፈርማል። መልሱ በታኅሣሥ አጋማሽ ይደርሰዋል። ኮሌጁ የሚመጡለትን ተማሪዎች ቁጥር አስቀድሞ ያውቃል፤ ተማሪውም በምላሹ የተሻለ ዕድል ያገኛል። እ.ኤ.አ በ2003 የታተመ የክሪስቶፈር ኤቨሪና የባልደረቦቻቸው መጽሐፍ ይህ ብልጫ በኤስኤቲ ፈተና ላይ 100 ነጥብ ያህል ከመጨመር ጋር የሚስተካከል መሆኑን አመልክቷል።

ችግሩ ዋጋውን ሳያዩ ዕቃ ለመግዛት ቃል ከመግባት ጋር ይመሳሰላል። በመደበኛው ጊዜ ያመለከተ ተማሪ ከተለያዩ ኮሌጆች የቀረበለትን የገንዘብ ድጋፍ አወዳድሮ ይመርጣል። በቅድሚያ የፈረመው ግን የሚያወዳድረው የለውም። የተሰጠው ድጋፍ በቂ ካልሆነ ከውሉ መውጣት ቢፈቀድለትም፣ ይህን የሚያውቁ ቤተሰቦች ብዙ አይደሉም። ሃርቫርድና ፕሪንስተን አሠራሩ ባለጸጎችን ይጠቅማል በማለት እ.ኤ.አ በ2006 የቅድሚያ ቅበላቸውን እንደሚያስቀሩ አስታውቀው ነበር። ሌሎች ተፎካካሪዎቻቸው ግን አልተከተሏቸውም። ሁለቱም በ2011 የማያስገድድ የቅድሚያ ቅበላ ይዘው ተመልሰዋል። ሁለቱ አሠራሮች የሚገናኙበትም አጋጣሚ አለ፤ የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ለዓመታት የሌጋሲን ቅድሚያ በዋነኛነት ሲመለከት የቆየው በቅድሚያ ውሳኔ ላመለከቱት ነበር።

ጉዳዩ በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢው ለሚኖሩ በርካታ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦችም ባዳ አይደለም። አባት ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በማዕረግ ቢመረቁም በቅጹ ላይ የሚያስገኘው ቅድሚያ የለም። ቨርጂኒያ እ.ኤ.አ በ2024 በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቿ፣ ሜሪላንድ ደግሞ በዚያው ዓመት በግሎቹም ጭምር ሌጋሲን በሕግ ከልክለዋል። ካሊፎርኒያም ተመሳሳይ ሕግ አውጥታለች። ስታንፎርድ በበኩሉ እ.ኤ.አ በ2025 ቅድሚያውን እንደሚቀጥልበትና ከክፍለ ግዛቱ የተማሪዎች ድጎማ እንደሚወጣ አስታውቋል። የቅድሚያ ውሳኔን በሚመለከት በነሐሴ 2025 በማሳቹሴትስ ፌዴራል ፍርድ ቤት በ32 ኮሌጆች ላይ የውድድር ሕግን ይጥሳል የሚል ክስ ተመሥርቷል።

ውሉን ለመፈረም የሚያስብ ቤተሰብ የሚረዳው አንድ መሣሪያ አለ። የፌዴራል የተማሪዎች ድጋፍ የሚቀበሉ ኮሌጆች እ.ኤ.አ ከ2011 ጀምሮ የወጪ ማስያ በድረ ገጻቸው ላይ እንዲያቀርቡ በሕግ ይገደዳሉ። ወላጆች ገቢያቸውን በማስገባት ሊከፍሉት የሚችሉትን ግምታዊ መጠን ከፊርማው በፊት፣ ያለ ክፍያ ማወቅ ይችላሉ።