«ክርስትና አንሱልን» ስትባሉ፦ እሺ ከማለታችሁ በፊት ማወቅ ያለባችሁ

ጓደኛችሁ ወይም እህታችሁ ወልዳለች። አራስ ጥየቃ ትሄዳላችሁ፣ ገንፎው ይበላል፣ ከዚያ ጥያቄው ይመጣል፦ «ልጃችንን ክርስትና አንሱልን።» እምቢ የሚል ሰው ብዙም የለም። ክብር ነዋ! ከዚያ በኋላ የሚታሰበው ግን በአብዛኛው ስለ ስጦታው፣ ስለ ሀገር ልብሱ እና ስለ ፎቶው ነው።

በዚያች ቀን ቤተክርስቲያን ውስጥ የሚሰጥ ቃል አለ። ቃሉ የሚፈተነው ደግሞ ድግሱ ካለቀ በኋላ ባሉት 10 እና 15 ዓመታት ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተክርስቲያን ሥርዓት የክርስትና አባት እና የክርስትና እናት ሥራ ምን እንደሆነ እንይ።

🔹 40 እና 80 ቀን ለምን ሆነ?

ወንድ ልጅ በተወለደ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ይጠመቃሉ። ለቁጥሩ ሁለት መነሻ ይጠቀሳል። አንደኛው መጽሐፈ ኩፋሌ ነው፤ አዳም በተፈጠረ በ40፣ ሔዋን በተፈጠረች በ80 ቀን ገነት እንደገቡ ይተርካል። ሁለተኛው ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 ነው፤ የወለደች እናት የመንጻት ጊዜ ለወንድ ልጅ 40፣ ለሴት ልጅ 80 ቀን እንደሆነ ይደነግጋል። ሕፃኑ ታሞ ለሕይወቱ የሚያሰጋ ነገር ካለ ግን ቀኑ እስኪደርስ አይጠበቅም፣ ይጠመቃል።

🔹 የ40 ቀን ልጅ እንዴት «አምናለሁ» ይላል?

አይልም፣ አይችልምም። ለዚህ ነው ሰው የሚቆምለት፤ ለወንድ ልጅ ወንድ፣ ለሴት ልጅ ሴት። የክርስትና አባቱ ሕፃኑን ይዞ መጀመሪያ ፊቱን ወደ ምዕራብ አዙሮ ሰይጣንን ይክዳል። ቀጥሎ ወደ ምሥራቅ ዞሮ በክርስቶስ ማመኑን ይመሰክራል። የሚናገረው በሕፃኑ ስም ነው። ካህኑ ሕፃኑን 3 ጊዜ ውሃው ውስጥ ያጠምቀዋል፤ ከዚያ የሚቀበለው የክርስትና አባቱ ነው።

ቅብዐ ሜሮን ይቀባል፣ ማዕተብ ይታሰርለታል፣ እንደ ወልደ ሚካኤል ወይም ወለተ ማርያም ያለ የክርስትና ስም ይወጣለታል፣ በዚያው ቀን ይቆርባል። አስተውሉ፣ ሕፃኑ ሁሉንም በአንድ ቀን ተቀበለ። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የተቀበለውን ማወቅ።

እዚህ ላይ ነው የእናንተ ሥራ የሚጀምረው። ለብድር ዋስ የሆነ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ዋስ የሚፈለገው ወረቀቱ ላይ ሲፈርም ብቻ አይደለም፣ ከዚያ በኋላም ይጠየቃል። የክርስትና አባትም ለሕፃኑ እምነት ዋስ ነው። «ሲያድግ አስተምረዋለሁ» ብሎ የገባው ቃል አለ።

🔹 እሺ፣ ሥራው በተግባር ምንድን ነው?

አንደኛ፣ ራስ መማር። «አቡነ ዘበሰማያት»ን እና ጸሎተ ሃይማኖትን ትርጉማቸውን ሳያውቁ ለልጅ ማስረዳት አይቻልም።

ሁለተኛ፣ ልጁ ከቤተክርስቲያን እንዳይርቅ ማገዝ። ሕፃናት ስለሚቆርቡ፣ ወላጆች ሥራ ሲበዛባቸው «ዛሬ እኔ ልውሰደው» ማለት ትልቅ እገዛ ነው።

ሦስተኛ፣ ከጾም ጋር ማስተዋወቅ። ልጆች መጾም የሚጀምሩት 7 ዓመት ሲሆናቸው ነው። ብዙዎቻችን የጀመርነው ደግሞ በፍልሰታ ነው፤ ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ ከሰፈር ልጆች ጋር ቅዳሴ እየሄድን። ልጅ ጾምን የሚወደው አብሮት የሚጾም ሰው ሲያገኝ ነው።

አራተኛ፣ የልጁን ጥያቄ መስማት። 12 ወይም 13 ዓመት ሲሞላው «ለምን?» ማለት ይጀምራል። ለምን እንጾማለን? ለምን በግእዝ ይቀደሳል? ጓደኛዬ ሌላ እምነት አለው፣ ታዲያ እሱስ? እናትና አባቱን ሊያፍር ይችላል። «ዝም በል፣ እንዲህ አይጠየቅም» ከተባለ ደግሞ መልሱን ከቲክቶክ ይፈልጋል። እዚያ የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ ስድብና ክርክር ነው። የክርስትና አባት ከምንም በላይ የሚያስፈልገው በዚህ ዕድሜ ነው። መልሱን ባያውቅ እንኳን «አብረን የንስሐ አባትህን እንጠይቅ» ማለት ይችላል።

አንድ ሌላ ነገር፣ የክርስትና ዝምድና እንደ ሥጋ ዝምድና ይቆጠራል። የክርስትና ልጅ ከክርስትና አባቱ ልጅ ጋር አይጋባም። ቤተክርስቲያን ነገሩን ከድግስ አሳልፋ ቤተሰብነት አድርጋ ነው የምታየው።

🔹 ድሮስ ማን ነበር የሚያስተምረው?

ድሮ ፊደልና እምነት የሚለመዱት አንድ ቦታ ነበር። ልጅ የኔታ ዘንድ ሄዶ ፊደል ይቆጥራል፣ በመልእክተ ዮሐንስ ንባብ ይለማመዳል፣ እያለ ዳዊት ይደርሳል። ማንበብ ሲማር እምነቱንም አብሮ ይማራል። ሁሉም ልጅ ይህን ዕድል ያገኝ ነበር ማለት አይደለም፤ ያገኘው ግን በዚህ መንገድ ነው ያደገው።

ዳግማዊ ምኒልክ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከከፈቱበት ከ1900 ወዲህ ፊደል ቀስ በቀስ ወደ ሌላ ቦታ ሄደ። ዛሬ ደግሞ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 90 መሠረት ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ መሆን አለበት። የተለያየ እምነት ያላቸው ልጆች አንድ ክፍል ስለሚቀመጡ ይህ ተገቢ ነው። ያው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 ላይ ልጆችን በራሳቸው እምነት ማሳደግ የወላጆች መብት እንደሆነ ይናገራል።

ሁለቱን ስናገጣጥማቸው ሥራው ለቤት ተመልሷል ማለት ነው። ሰንበት ትምህርት ቤት ያግዛል፣ ግን በሳምንት ጥቂት ሰዓት ነው። ቤት ውስጥ ያሉት እናትና አባት ደግሞ ሥራ ውለው ደክሟቸው ይገባሉ። ሥርዓቱ ሦስተኛ ሰው የጨመረላቸው ለዚህ ነበር ብንል አልተሳሳትንም።

🔹 በሌሎች አብያተ ክርስቲያናትስ?

ካቶሊክና መካነ ኢየሱስም ሕፃናትን ያጠምቃሉ። ቃለ ሕይወት እና ሙሉ ወንጌል ግን የሚያጠምቁት በራሱ አንደበት አምኖ የመሰከረን ሰው ነው፤ ሕፃኑ ሲወለድ ለጌታ ሰጥተው ይጸልዩለታል። ቅደም ተከተሉ ይለያያል። ጥያቄው ግን አንድ ነው፦ በሕፃንነቱና በራሱ ውሳኔ መካከል ባሉት ዓመታት ልጁን ማን ይዞ ይሄዳል?

🔹 ልጁ ሩቅ ቢሆንስ?

ዋሽንግተን ወይም ለንደን ያለ የክርስትና ልጅ ያላችሁ ብዙ ናችሁ። እዚያ ልጁ ቅዳሴው በግእዝ፣ ስብከቱ በአማርኛ፣ ሐሳቡ በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። በየሳምንቱ 15 ደቂቃ የቪዲዮ ጥሪ፣ አንድ የቅዱሳን ታሪክ፣ አንድ ጸሎት፣ ትንሽ አማርኛ። በአመት አንዴ ከሚላክ የወርቅ ሐብል ይህ ይበልጣል።

🔹 እምቢ ማለት ይቻላል?

ይቻላል። «አክብራችሁኛል፣ ግን አሁን ልጅ ለማስተማር ዝግጁ አይደለሁም» ማለት ነውር የለበትም። ወላጆችም ቢሆኑ ሲመርጡ «ማን ጥሩ ስጦታ ያመጣል?» ከማለት ይልቅ «ልጄ 13 ዓመት ሲሞላው ለማን ይደውላል?» ብለው ቢያስቡ ይሻላል።

እሺ ብላችሁ ከሆነ ደግሞ ገና አልመሸም። ልጁን ክርስትና ካነሳችሁት 8 ዓመት ቢሆነውም፣ ለአበልጆቻችሁ ዛሬ ደውሉ። የልጁን የክርስትና ስም የረሳችሁት እንደሆነ ጠይቁ። በዚህ እሁድ ቅዳሴ አብራችሁት ሂዱ፣ ከዚያ ወጥታችሁ ቁርስ ጋብዙት።

እናንተስ የክርስትና አባታችሁን ወይም እናታችሁን ታውቋቸዋላችሁ? መጨረሻ ያገኛችኋቸው መቼ ነው? በኮሜንት አካፍሉን። ክርስትና ሊያነሳ የተዘጋጀ ጓደኛ ካላችሁ ደግሞ ሼር አድርጉለት።