ዞር ብለው ትልምዎን ይዩ

ኮሎራዶ ውስጥ ሁለት ክረምት ሙሉ ስኪ የምችል መስሎኝ ኖሬያለሁ። (ክረምት ስል የዚያን አገር ክረምት ነው፤ ከኅዳር እስከ መጋቢት ያለውን።) ሳልወድቅ እወርዳለሁ፣ ሲያሻኝ እቆማለሁ፤ ሌላ ምን ቀረ? አንድ ማለዳ የአሥራ አንድ ዓመቷ ልጄ ከኋላዬ ስትወርድ ቆይታ አጠገቤ ደረሰችና፣ «አባዬ፣ እስቲ ዞር በልና የመጣህበትን እይ» አለችኝ። አየሁ። የእሷ ዱካ ጎን ለጎን የሚሄድ ሁለት ቀጭን መስመር ነው፤ እንደ ባቡር ሐዲድ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። የኔው መጥረጊያ የተጎተተበት ደጅ ይመስላል።

ሰፊ ዱካ ስኪው ወደ ጎን እየተንሸራተተ በረዶውን ጠርጎት እንዳለፈ ይናገራል። ቀጭኑ ደግሞ ጠርዙ በረዶውን ቆርጦ ገብቶ፣ ጭራው አፍንጫው በከፈተው መንገድ እንደተከተለ። ፈረንጆቹ ካርቪንግ ይሉታል፤ መቅረጽ እንደማለት ነው። እኔ ማረስ ብለው ይቀናኛል። ገበሬም ቢሆን ሞያው የሚታወቀው በትልሙ ነው።

ስኪ ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ሮቤል ተክለማርያምን ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን ላይ ተወዳድሮ በክረምት ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን የወከለ የመጀመሪያው ሰው ሆኗል። የሮቤል ግን አገር አቋራጭ ስኪ ነው፤ እዚያ ተረከዝ ነፃ ነው፣ ከስኪው ላይ ይነሣል። በቁልቁለት ስኪ ግን ጫማው እንደ ድንጋይ የጠነከረ ፕላስቲክ ነው፤ ከፊትም ከኋላም ከስኪው ጋር ይቆለፋል። ቅልጥምዎ ትንሽ ካዘነበለ ስኪውም አብሮት ያዘነብላል። ለማረስ የሚያስችለን ይኸው ነው።

ስኪውን ወለል ላይ አስተኝተው ከላይ ይመልከቱት። አፍንጫው 12 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ ወገቡ ላይ ወደ 7 ይጠብና ጭራው ላይ እንደገና ይሰፋል። አሁን በጎኑ ያቁሙት። ወለሉን የሚነኩት አፍንጫውና ጭራው ብቻ ናቸው፤ መሐሉ አየር ላይ ነው። ሲጫኑት እንደ ደጋን ይታጠፋል። የታጠፈ ስኪ ቀጥ ብሎ መሄድ አይሆንለትም፤ ዞሮ ይሄዳል። ላዩ ላይ «13 ሜትር» ወይም «16 ሜትር» የሚል ጽሑፍ ካዩ፣ የጠርዙ ጉብጠት እስከ ሙሉ ክብ ቢቀጥል ከመሐል እስከ ዳር የሚኖረው ርቀት ማለት ነው። የበለጠ ባዘነበሉት ቁጥር ክቡ ይጠባል። መዞሩ ስኪው ውስጥ አስቀድሞ ተሠርቷል፤ የእርስዎ ድርሻ አዘንብሎ መጠበቅ ነው።

ወገበ ቀጭን ስኪ አዲስ ፈጠራ አይደለም፤ የቴሌማርኩ ኖርዌጂያዊ ሶንድሬ ኑርሃይም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ይጠቀምበት ነበር። ወገቡ ዛሬ የምናየውን ያህል የጠበበው ግን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ የስሎቬኒያው ኤላን ኩባንያ መሐንዲሶች ደፍረው ከሞከሩት በኋላ ነው። ዓለም አቀፉ የስኪ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2012 ጃይንት ስላሎም ለሚባለው የወንዶች ውድድር ስኪው ላይ የሚጻፈው ያ ቁጥር 35 ሜትር እንዲሆን ሲያዝ፣ አሜሪካዊው ቴድ ሊጌቲ ከሁሉ በላይ ጮኾ ተቃወመ። ከዚያ ኦስትሪያ፣ ሶልደን ላይ የመጀመሪያውን ውድድር በ2.75 ሴኮንድ ልዩነት አሸነፈ። በመቶኛ ሴኮንድ በሚፈረድበት ጨዋታ ይህ ጉድ ነው። ያን እምቢተኛ ስኪ ከሌሎቹ ይበልጥ ማዘንበል በመቻሉ ነበር።

ወደ ቁልቁለቱ እንሂድ። በአረንጓዴ ምልክት የሚለየውን፣ የጀማሪዎቹን ይምረጡ። ማሽን ሌሊቱን የዳመጠው በረዶ ማለዳ ላይ እንደ ሹሩባ ቀጫጭን ሆኖ ተሠርቶ ይገኛል፤ ዱካዎ በላዩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። (አማርኛችን ለሁሉም «በረዶ» ይላል እንጂ፣ መስታወት የመሰለው ደረቅ በረዶ ለጀማሪ አይሆንም።) ጀማሪ ሳሉ ሁለቱን ስኪዎች እንደ «ለ» ፊደል ከፊት አጋጥመው፣ ከኋላ ከፍተው መቆም ለምደው ይሆናል። አሁን ይተዉት፤ ስኪዎቹ እኩል፣ ጎን ለጎን ይሁኑ።

ቁልቁለቱን በአግድም ለማቋረጥ ይዘጋጁ። መጀመሪያ ወደ ላይም ወደ ታችም ይመልከቱ፤ ሊያቋርጡ ነውና ከላይ የሚመጣ ሰው እንዳይገጥምዎ። ይንቀሳቀሱ። ትንሽ ፍጥነት ሲያገኙ ቁርጭምጭሚትዎንና ጉልበትዎን ወደ ተራራው ያዘንብሉ። በቃ። እግር አይጠምዘዝ፣ ትከሻ አይዙር። ለአፍታ ምንም የሚሆን አይመስልም፤ ሁላችንም ትዕግሥት አጥተን ተረከዛችንን የምንገፋው በዚህችው ቅጽበት ነው። ይጠብቁት። ስኪው ራሱ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ይታጠፍና ዳገት ሲሆንበት ይቆማል። አሁን ዞር ይበሉ። ሁለት ቀጭን መስመር ካዩ አርሰዋል። ቀጭን ጀምሮ መጨረሻው ላይ ከሰፋ፣ ተረከዝ ተገፍቷል። በሁለቱም ጎን ይደጋግሙት፤ አንዱ ጎን ሰነፍ ሆኖ ያገኙታል። የኔ ግራ ዛሬም ሰነፍ ነው።

ሁለቱን አዟዟር ማገናኘት ሲጀምሩ ክብደትዎ በውጭኛው ስኪ ላይ ይሁን፤ ወደ ግራ ሲዞሩ በቀኙ ማለት ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፦ የውስጠኛውን ስኪ ጭራ ትንሽ ያንሡ። እምቢ ካለዎት ክብደቱ ያለ ቦታው ነው። ትልቁ ስሕተት እንደ ሞተር ብስክሌት ነጂ መላ አካልን ወደ ውስጥ መጣል ነው፤ ያኔ ውጭኛው እግር ባዶ ይሆንና ይሸሻል። የሚያዘነብለው እግር ነው። ደረትዎ በውጭኛው እጅ ከጫማዎ አጠገብ ያለ ጀሪካን ሊያነሡ እንደሆነ ሁሉ ወደ ውጭ ጎንበስ ይበል።

አንድ ነገር ግን ይወቁ፦ የሚያርስ ስኪ ፍሬን የለውም፤ ከሚንሸራተተው ይፈጥናል። ከፈጠነብዎ መዞሩን በግማሽ አይተዉት፤ ስኪው ወደ ዳገቱ እስኪያቀና ይጠብቁት።

ወደ ተራራው የሚያወጣዎ ሊፍት ሲከፈት ይድረሱ። ከሰዓት በኋላ ሹሩባው ተፈቶ ነው የሚያገኙት።