«የፈረንሳይ ኦክ ነው» ሲሏችሁ

ድሬዳዋ ውስጥ አሮጌ የቤት ዕቃ ከሚሸጥ ሰው አፍ የማይጠፉ ሁለት ቃላት አሉ፤ «ፈረንሳይ» እና «ኦክ»። ታናሽ ልጄ ቡፌ ልትገዛ ፈልጋ ሦስት ቅዳሜ አብሬያት ዞርኩ። ዘጠኝ ዕቃ አየን፤ ስምንቱ የፈረንሳይ ኦክ ናቸው ተባልን። ዘጠነኛው የቀረው ሻጩ ምሳ ሄዶ ስለነበር ነው።

ልጄ ሁለት ሕፃናት አሏት። ትልቁ አራት ዓመቱ ነው፤ ትንሿ ገና ድክ ድክ ትላለች። እኔ ደግሞ ከሠላሳ ዓመት በላይ በነርስነት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ አያት ነኝ። ስለዚህ ቡፌ ሳይ ዓይኔ ከጌጡ ይልቅ ሌላ ሌላው ላይ ያርፋል።

የሻጮቹ ወሬ ከሜዳ የተነሳ አይደለም። ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ እዚህ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። መስመሩ የሐረርን ተራራ መውጣት ስለከበደው ከተራራው ግርጌ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ፤ መጀመሪያ ላይ «አዲስ ሐረር» እስከመባል ደርሶ ነበር። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። የኩባንያው ፈረንሳውያን፣ ከእነሱም ጋር ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ጣሊያኑ ከዚራ ላይ ቤት ሠርተው ኖሩ። ለገሃር የሚለው ስማችን የፈረንሳይኛው «ባቡር ጣቢያ» ነው። ቡፌ የሚለውም ቃል ከእነሱው የመጣ ነው፤ ኮመዲኖ ደግሞ ከጣሊያኖቹ። በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤት ሲወረስ እኔ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከከዚራ ግቢዎች ቡፌና ቁምሳጥን በጋሪ ተጭኖ ሲወጣ አይቻለሁ። ሁለት ዓመት ሳይቆይ ጦርነቱ መጣ፤ የቀሩትም የውጭ ሰዎች አብዛኞቹ ሄዱ።

«እናቴ፣ ወላሂ ከሙሴ ቤት የወጣ ነው! ክብደቱን ሞክሪው እስቲ» አለኝ አንድ ወጣት ሻጭ። (አንቺ መባሌን የአዲስ አበባ አንባቢ እንዳይታዘብልኝ። ድሬ ላይ ሽማግሌውም ሕፃኑም አንተና አንቺ ነው።)

የጠራው ዋጋ ከአዲስ የኤምዲኤፍ ቡፌ ሁለት እጥፍ ነበር። እኛ ግን አንድ ብልሃት ነበረን፤ ከምድር ባቡር ወርክሾፕ ጡረታ የወጡ አናጢ ጎረቤታችንን ይዘን ነበር የምንዞረው። እሳቸው የቡፌውን ፊት አያዩም። «እህቴ፣ ጀርባውን አዙሩት በያቸው፤ መሳቢያውንም ገልብጪልኝ» ይላሉ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው እንደ ሐኪም ዝም ብለው ይመረምራሉ።

ከእሳቸው የተማርኩትን ላካፍላችሁ። ኦክ ከባድ ነው። የተቆረጠበት ጫፍ ላይ ቀዳዳዎቹ በዓይን ይታያሉ። በአንዳንዱ ጣውላ ፊት ላይ ደግሞ የእንጨቱን መስመር አቋርጠው የሚያልፉ የሚያብረቀርቁ ዝንጉርጉር ምልክቶች አሉት። ብረት ሚስማር ተመትቶበት እርጥበት ካገኘው በሚስማሩ ዙሪያ ይጠቁራል። ዋንዛ ከኦክ ቀለል ይላል፤ ቀለሙም ወደ ቡናማ ይወስደዋል። ዝግባ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ነው፤ መስመሩ ብዙም አይታይም። ጽድ ከሆነ መሳቢያውን ስትስቡ ሽታው ራሱ ይነግራችኋል። ከዘጠኙ ውስጥ ኦክ ሆኖ የተገኘው አንድ ብቻ ነው። አምስቱ ዋንዛ ነበሩ። ሦስቱ ደግሞ ከላይ ስስ ልጣጭ የተለጠፈባቸው ኮምፔንሳቶ ናቸው።

ሻጮቹ ሁሉ ይዋሻሉ ማለቴ አይደለም። የፈረንጁን ቡፌ አይተው እዚሁ አገር፣ በአገር እንጨት፣ ያንኑ ቅርጽ የሠሩ ጎበዝ አናጢዎች ነበሩ፤ ጎረቤታችን ራሳቸው ስንቱን እንደሠሩ ቁጥሩ ጠፍቶባቸዋል። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር «የፈረንሳይ አሠራር» የነበረው «የፈረንሳይ» ሆኖ ይቀራል። ዋንዛ መሆኑም አያሳፍርም። እንዲያውም በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ጽድንና ኮሶን ከመንግሥት ደን መቁረጥ ከልክሎ ነበር። እንደ ድሮው ያለ ሰፊ የዋንዛ ጣውላ ዛሬ ከየት ይገኛል? የእንጨቱን ዋጋ ክፈሉ፤ የስሙን አትክፈሉ።

ቺፕውድና ኤምዲኤፍ ውኃ አይወዱም። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ብዙ ወገኖቻችንን ከወሰደ በኋላ በየቤቱ ስንዞር፣ የቺፕውዱ ዕቃ እንደ ተነከረ ዳቦ አብጦ ተበታትኖ ነበር። ድፍኑ እንጨት ግን ጭቃው ታጥቦለት፣ ጥላ ሥር ደርቆ ሥራውን ቀጠለ። የድሬ ሙቀትም የራሱ ጣጣ አለው፤ እንጨት እየደረቀ ይሸበሸባል፣ በሩ መሃል ያለው ጣውላ ይሰነጠቃል። ደህና አናጢ ያንን ጣውላ በክፈፉ ቦይ ውስጥ ልቅ አድርጎ ነው የሚያስገባው፣ እንደልቡ እንዲጠብና እንዲሰፋ። አንዳንዱ አዳሽ «አጠናከርኩት» ብሎ በኮላና በሚስማር ሲቸነክረው በዓመቱ ለሁለት ይከፈላል።

አሁን ወደ እኔ ሙያ ልምጣ።

አሮጌ እንጨት ላይ የክብሪት ራስ የማያህሉ ክብ ቀዳዳዎች ካያችሁ ነቀዝ ገብቶበታል ወይም ነበረበት ማለት ነው። ዛሬም እንዳለ ለማወቅ ከሥሩ ነጭ ወረቀት አንጥፉ፤ በሳምንት ውስጥ አዲስ ዱቄት ከወረደ አለ። አንዱ ሻጭ ለልጄ ምን አላት መሰላችሁ? «አቦ ምን ችግር አለው! የእህል ነቀዝ ኪኒን ሁለት ጣል አድርጊበትና በሩን ዝጊው።»

ይህን ምክር እንኳን ልትፈጽሙት ለሌላም አትንገሩት። ያ ኪኒን እርጥበት ሲነካው መርዘኛ ጋዝ ያወጣል። ጋዙ በቡፌ በር አይታገድም። ቤተሰቡ በተኛበት ክፍል ገብቶ፣ በተለይ ሕፃናትን፣ ሌሊቱን ይጨርሳቸዋል። ማርከሻ መድኃኒት የለውም። በሥራ ዘመኔ በዚህ ኪኒን ተመርዘው የመጡ ሰዎችን አይቻለሁ፤ እጃችን ላይ ምንም እንዳልነበረን አልረሳውም። ማላታይንም ቢሆን ሳህንና ብርጭቆ በሚቀመጥበት ቦታ አይረጭም። ነቀዝ ያለበት ዕቃ ከሆነ ተዉት፤ ካልሆነም የተበላው ጣውላ ተነቅሎ በሌላ ይተካ።

ቀለም የተቀባ አሮጌ ዕቃ ሲሆን ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ። በድሮ ቀለም ውስጥ እርሳስ ሊኖር ይችላል፤ እርሳስ ደግሞ የሕፃን አእምሮ ላይ ጉዳት ያደርሳል። አገራችን በቀለም ውስጥ ያለውን እርሳስ በደንብ የወሰነችው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ስለዚህ ያረጀውን ቀለም በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት ማስፈተግ፣ ያውም ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ፣ አይሆንም። ሥራው ከቤት ውጭ ይሁን፤ እንጨቱ እየረጠበ ይፈተግ፤ ነፍሰ ጡርና ሕፃን አይጠጉ፤ ፍርፋሪው ተጠርጎ በፌስታል ታስሮ ይጣል።

ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝ ግን መውደቁ ነው። የሦስት ዓመት ልጅ ከላይ ያለ ብስኩት ሲያይ መሳቢያዎቹን እንደ ደረጃ ስቦ ይወጣባቸዋል። መሳቢያዎቹ ሲወጡ ክብደቱ ወደ ፊት ይመጣል፤ ቡፌው በልጁ ላይ ይደፋል። እንዲህ ሆነው ወደ ድንገተኛ ክፍል የመጡ ልጆች ነበሩ፤ ሁሉም ወደ ቤታቸው አልተመለሱም። በሠለጠነው ዓለምም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ኢኬያ የተባለው የስዊድን ኩባንያ አሜሪካ ውስጥ ብቻ 29 ሚሊዮን ባለ መሳቢያ ዕቃዎች እንዲመለሱ ያስታወቀው ሕፃናት ተጭኗቸው ስለሞቱ ነው። ዛሬ እዚያ አገር ልብስ ማስቀመጫ ዕቃ ሲሠራ እስከ 27 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ቢንጠላጠልበት እንዳይወድቅ ይፈተሻል። የእኛ አሮጌ ቡፌ ማን ፈትሾታል?

ራሳችሁ ፈትሹት። መሳቢያዎቹንና በሮቹን ሁሉ ክፈቱ፤ የታችኛውን መሳቢያ ጫፍ በመዳፋችሁ ተጫኑ። የኋላ እግሩ ከመሬት ከተነሳ ያለ ማሰሪያ ቤት አይገባም። የፈረንሳይ አሠራር የሆነው ትልቁ ቡፌ ብዙ ጊዜ ሁለት አካል ነው፤ ባለመስታወቱ የላይኛው ክፍል በታችኛው ላይ ዝም ብሎ ነው የሚቀመጥ። የያዘው ክብደቱ ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ሁለቱን እርስ በርስ በብሎን ማሰር፣ ከዚያም በብረት ማዕዘን ከግድግዳ ጋር ማያያዝ ያስፈልጋል። ግድግዳው ብሎኬት ከሆነ በድሪል ተበስቶ ፊሸር ይግባበት። የጭቃ ቤት ከሆነ ምርጊቱ ላይ ሳይሆን የውስጡን ቋሚ እንጨት ፈልጎ መምታት ነው። ቴሌቪዥን ከላዩ አይቀመጥ፤ የልጅ መጫወቻና ብስኩትም እንዲሁ።

ውስጡ የሚገባውንም ነገር አስቡበት። የታችኛው በር ለሕፃን እጅ የተሠራ ይመስላል። በረኪናና ነጭ ጋዝ በሃይላንድ ጠርሙስ ቀድቶ እዚያ ማስቀመጥ ስንት ልጅ አስጠጥቷል! ከጠጣም አታስመልሱት፤ ጠርሙሱን ይዛችሁ ወደ ሆስፒታል ሩጡ። መድኃኒት ደግሞ ልጅ በማይደርስበት፣ በሚቆለፍ የላይኛው መሳቢያ ይሁን፤ ፀሐይ የሚመታው መስታወት ውስጥ ግን አይደለም። አብዛኛው መድኃኒት ከ30 ዲግሪ በታች ነው የሚቀመጠው፤ የድሬን የግንቦት ከሰዓት ታውቁታላችሁ።

ልጄ በመጨረሻ የወደደችው መጋላ አካባቢ ያገኘነውን የዋንዛ ቡፌ ነው። ኦኩ ውብ ነበር፣ አልዋሽም፤ ግን ከኮንዶሚኒየሙ በር አሥራ ሁለት ሳንቲ ይበልጣል። (ሜትር ይዛችሁ ውጡ፤ በሩን ብቻ ሳይሆን የደረጃውን መታጠፊያም ለኩ።) ሻጩ ይህንንም የፈረንሳይ ኦክ ብሎ ጀምሮ ነበር። ጎረቤታችን መሳቢያውን ገልብጠው «ወንድሜ፣ ይህን እኮ ወይ እኔ ነኝ የሠራሁት ወይ ጓደኛዬ» ሲሉት እሱም ሳቀ፣ ዋጋውም ወረደ።

የላይኛውን ክፍል ለብቻው አንስተን ዝቅ ያለ የመጽሐፍ መደርደሪያ አድርገነዋል፤ ግድግዳው ላይ በአራት ብሎን ታስሯል። የተሰነጠቀው መስታወት ሊተካ ወደ መስታወት ቆራጭ ተልኳል። «ነገ» ካለን ሦስተኛ ሳምንቱ ነው።